ደንብ ቁጥር ሰባት

ሰኔ 4፣ ረቡዕ

ዛሬ አስራ አንደኛ «ቢ» ክፍልን ሳስተምር ትህትና ከኋላ ዴስክ ላይ ተቀምጣ ተከታተለችኝ። የልምድ ልውውጥ ይሉታል። ዘንድሮ ከዩኒቨርሲቲ ወጥታ ወደ ትምህርት ቤታችን የተመደበች የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ረጋ ያለች፣ በዚህ ጭቃ እንኳ ጫማዋ የማይቆሽሽ። እኔ ሶዶ ላይ እንግሊዝኛ ሳስተምር ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ምን ልምድ ነው የምንለዋወጠው?

ያስተማርኩት ደንብ ቁጥር ሰባትን ነበር። ልጆቹ እንደ ልማዳቸው በዜማ ተቀበሉኝ። «አባውት!» ስል «ዛት!»፣ «ፎር!» ስል «ዛት!»፣ «ኦፍ!» ስል «ዛት!»። የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ምሳሌውን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ፦ I am happy about that you came. ስለመጣህ ደስ ብሎኛል።

ሲደወል ትህትና ጠጋ ብላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አባውት እና ዛት አንድ ላይ ይሄዳሉ እንዴ?» አለችኝ።

«ታዲያ ለየብቻ ይሂዱ?»

«አይ... በዛት የሚጀምር ሐረግ ከፕሪፖዚሽን ቀጥሎ አይገባም ብዬ ነው። አባውትን ማውጣት ነው። ‹አይ አም ሃፒ ዛት ዩ ኬም› ብቻ።»

«እና ‹ስለ›ን የት ልታደርሺው ነው? ‹ስለመጣህ› ነው የሚለው። ‹ስለ› ማለት አባውት ነው። እሱን ከጣልሽው ሰውየው በምን ምክንያት ደስ እንዳለው በምን ይታወቃል?»

ደብተሯን አጠፈች። ረታኋት።

ሰኔ 5

የሰዋስው መጽሐፉን አላየሁም። ቤተ መጻሕፍቱ ተቆልፎ ነበር። ከሰዓት ይከፈታል ብለውኝ ነበር፤ ከሰዓት ግን ሥራ ነበረብኝ። ምን ሥራ እንደነበረ አሁን አይታወሰኝም።

ሰኔ 8፣ እሁድ

ከቅዳሴ ስንወጣ ጎረቤቴ አሳየሽ ክንዴን ይዛ አላስኬድ አለችኝ። ልጇ ፀደንያ ለባንክ ተፈትናለች። አካውንቲንግ ተመርቃ ሦስት ዓመት ሙሉ ቤት የተቀመጠች፣ ሦስት ዓመት ሙሉ በየማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር የቆመች ልጅ ናት። ዘጠነኛና አስረኛ ክፍል እኔ ነኝ ያስተማርኳት።

«እንግሊዝኛውን እንደ ውሃ ነው የጠጣችው» አለች አሳየሽ።

ፀደንያም ሳቅ እያለች፣ «ቲቸር፣ ደብዳቤ ጻፉ ነው የሚለው። ብዙ ለጠበቀ ደንበኛ ይቅርታ ጠይቁ ይላል። ከእርስዎ ኖት መጨረሻ ገጽ ላይ ያለውን ደብዳቤ እንዳለ አስቀመጥኩት፤ በቃሌ አይደል የማውቀው!» አለችኝ።

ኖቱ ያኔ መጽሐፍ ለአምስት ተማሪ አንድ በነበረበት ዘመን በእጄ ጽፌ ያስተየብኩት ስድስት ገጽ ነው። መጨረሻው ላይ የደብዳቤ ናሙና አለ፦ We are sorry for that you waited, and we are sure of that you will understand.

መንገዱን ሁሉ ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ቤት ስደርስ ዓረፍተ ነገሩን አንድ ጊዜ ለራሴ አልኩት። ሁለት ዛት አለበት። ሁለቱም ከፕሪፖዚሽን ቀጥሎ ነው።

ልጅቷ ሳቋ እንዴት ያምራል።

ሰኔ 10፣ ማክሰኞ

መጽሐፉን አየሁት። ከፕሪፖዚሽን በኋላ ዛት አይገባም ይላል። ሌላ መጽሐፍ አየሁ። እሱም አይገባም ይላል። ሦስተኛውን አየሁ። ሦስቱ ተመካክረው የጻፉት ይመስላል።

ጥፋቱ የታይፒስቱ ነው። ያኔ ኖቱን የተየበልኝ ሰውዬ መነጽሩ በክር የታሰረ ነበር። ከዐሥር ዓመት በፊት አርፏል፤ ነፍሱን ይማርና፣ ሰው ነው፣ ይሳሳታል። በእጄ የጻፍኩት ዋናው ቅጂ ሳጥን ውስጥ አለ። እሱን ማየት አያስፈልግም፤ በውስጡ ምን እንዳለ አውቃለሁ።

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ

ወይንሸት ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድኩ። እስክሪብቶ ልገዛ ነው። እግረ መንገዴን ኖቱን እስካሁን ታባዛለች ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

«ምን ማለትህ ነው ቲቸር?» አለችኝ፤ ወይንሸት አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም፣ እኔን ሴቷንም «አንተ» ነው የምትለኝ፣ ሁላችንንም እኩል ነው የምታየን። «ቦዲቲ በሳምንት ሰላሳ ይሄዳል። ሻንቶ ሃያ። ከዱቦ እንኳ ሳይቀር በእግራቸው መጥተው ይወስዳሉ።»

አንዱን አምጥታ አሳየችኝ። በፕላስቲክ ተጠርዟል። ሽፋኑ ላይ «ዓመለ ኖት፦ የተሻሻለ» ይላል፤ ዓመለወርቅን አሳጥራው ነው። ምኑ ነው የተሻሻለው ብዬ ገለጥኩት። ደንብ ቁጥር ሰባት ላይ እኔ የጻፍኳቸው ፕሪፖዚሽኖች ሦስት ነበሩ። አሁን ዐሥራ አንድ ሆነዋል።

«ማን ጨመረው?»

«እኔ ነኛ። ደንበኛ ‹ዊዝ የለውም ወይ?› ብሎ ጠየቀ፤ ጨመርኩ። ‹ባይስ?› አለ፤ ጨመርኩ። ሰው በአንተ ኖት ነው ያለፈው ቲቸር፣ ማነስ የለበትም።»

ስህተት አለበት አልኳት። ደንገጥ አለችና፣ ጥቂት አሰበችና፣ «እናስተካክልና አዲሱን ለብቻው እናወጣለን። ግን ሰው አሮጌውን ነው የሚፈልገው፤ የተፈተነ ነው» አለችኝ።

እስክሪብቶ ሳልገዛ ወጣሁ።

ሰኔ 19፣ ሐሙስ

መናኸሪያው አጠገብ ያለውን ፔንሲዮን በየቀኑ አልፈዋለሁ። ዛሬ ቀና ብዬ አየሁት። የድሮ ተማሪዬ የኢሳይያስ ነው። ከበሩ በላይ በብረት ተቆርጦ፣ ተበይዶ፣ ወርቃማ ተቀብቶ፦ WE ARE HAPPY ABOUT THAT YOU CAME.

ኢሳይያስ ሮጦ መጣና ሁለት እጁን ዘረጋልኝ።

«ኢሳይያስ፣ አባውትን አንሳት።»

«የቷን?»

«እዚያ መሃል ያለችውን። አምስቱን ፊደል።»

ቀና ብሎ አየ። «ቲቸር፣ ብየዳ ነው። እሷ ከተነሳች በሩም አብሮ ይነሳል።»

«በቀለም ሸፍናት።»

«ለምን ይሸፈናል? እርስዎ አይደሉም እንዴ ያስያዙኝ? ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ አባውትን ትቼ ጻፍኩ። በቀይ ከበቡብኝ፤ ‹ስለ የት ሄደ?› አሉኝ፤ ሃምሳ ጊዜ አስጻፉኝ። ከዚያ ወዲህ ስቼ አላውቅም።» ይህን የሚለኝ እየሳቀ፣ እያመሰገነ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር አላስታውስም። በዓመት ከሦስት መቶ በላይ ልጅ ነው የማስተምረው፤ የሁሉን ማን ያስታውሳል? አረንጓዴ ሹራብ ነበረው፣ ክርኑ ላይ የተቀደደ። ሃምሳውን ጨርሶ ሲያመጣልኝ ጣቶቹን እያሸ በሩ ላይ ቆመ፤ ውጭ ዝናብ ነበር። ግን አላስታውስም።

ሰኔ 28

የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና። ጥበቃ ላይ ነኝ። እግሬ አብጧል። ትህትና ውሃ አመጣችልኝ፤ አመሰገንኳት። ስለዚያ ጉዳይ ምንም አላለችም። አለማለቷ ይበልጥ ያናድዳል።

ሻይ ቤት አንዱ ለሌላው ሲለው ሰማሁ፦ «የባንኩ ፈተና ተሰርቋል አሉ። የኛ ልጆች ናቸው አሉ።» እዚህ አገር ሁሉ ነገር «አሉ» ነው።

ሐምሌ 2፣ ረቡዕ

እውነት ነው። ሃያ ሰባት ተፈታኞች ውጤታቸው ታግዷል። ከሶዶ፣ ከቦዲቲ፣ ከሻንቶ። ሃያ ሰባቱም አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ጽፈዋል፤ በአንድ ዓይነት ስህተት፣ ያውም ሁለት ስህተት። አሳየሽ ከባንኩ የመጣውን ወረቀት ይዛ ቤቴ መጣች። «መልስ ተቀባብለዋል» ይላል። ከተረጋገጠ ሁለተኛ የትም ባንክ አይፈተኑም ይላል።

«ፀደንያ ከማንም አልገለበጠችም» አለችኝ እያለቀሰች። «ከአጠገቧ የነበረው ወንበር ባዶ ነበር። የምትገለብጠው ከማን ነው? ከወንበሩ?»

«አይዞሽ፣ ይጣራል» አልኳት።

ወረቀቱ እጄ ላይ ነበር። ዓረፍተ ነገሩ ሙሉውን ተጽፎበታል። ሳነበው ከንፈሬ ብቻውን ይንቀሳቀስ ነበር።

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

ከባንኩ ዋና መሥሪያ ቤት አጣሪ ኮሚቴ መጣ። ሰብሳቢው አቶ ሚልክያስ የሚባሉ፣ ቦርሳቸውን ከእጃቸው የማያወርዱ ሰው ናቸው። ያረፉት የት ነው? ኢሳይያስ ፔንሲዮን። ገና ከመኪና ሲወርዱ ቀና ብለው በሩን አዩ አሉ። ሻንጣቸውን መሬት አስቀመጡ። ሦስት ጊዜ ፎቶ አነሱት።

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ

ኢሳይያስን ጠርተው ጠየቁት። የኮሚቴው ግምት እንዲህ ነው፦ ሶዶ ላይ ኔትወርክ አለ፤ ቦዲቲና ሻንቶ ቅርንጫፍ አለው፤ መልሱ የሚተላለፈው ሰው በማይጠረጥረው ቦታ ነው፤ ለምሳሌ በሆቴል በር ላይ።

ኢሳይያስ ወጥቶ ሲነግረኝ ላብ አጥምቆታል።

«‹ይህ ጽሑፍ መቼ ተሰቀለ?› አሉኝ። ‹ስምንት ዓመቱ ነው› አልኳቸው። ‹ፈተናው የወጣው ግንቦት ነው፣ ከስምንት ዓመት በፊት እንዴት አወቅህ?› አሉኝ። ቲቸር፣ ምን ልበል?»

«የእኔን ስም ጠራህ?»

አየኝ። «እንዴት አድርጌ የእርስዎን ስም እዚህ ውስጥ አገባለሁ?» አለ። የተቀየመ ይመስለኛል።

ይህን ጥያቄ ለምን እንደጠየቅሁት አላውቅም። እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

ሐምሌ 9

ከቤት አልወጣሁም። ጉዳዩ የባንኩና የተፈታኞቹ ነው። ኮሚቴው ሥራውን ይሥራ። የእኔ ስም የለበትም።

ማለቴ ሽፋኑ ላይ አለ።

ሐምሌ 11፣ ዓርብ

ሳጥኑን ከፈትኩት።

የእኔ እጅ ነው። ታይፒስቱ አንዲት ፊደል አልሳተም፤ እንደውም ሌላ ቦታ ያጎደልኩትን ፊደል አርሞልኛል። ደንብ ቁጥር ሰባት በቀይ ሦስት ጊዜ ተሰምሮበታል። ከሥሩ በትንሹ፦ «ይህን የሳተ ተማሪ ማዕረግ የለውም።»

የሞተ ሰው፣ ስሙን እንኳ ሳልጠራ፣ አንድ ወር ሙሉ ስከስ ነበር የከረምኩት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ያኔ የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ማስተማር የጀመርኩ ሰሞን ክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ «‹ስለመጣህ› በእንግሊዝኛ ሲሆንስ?» አለኝ። አላውቅም ማለት አፈርኩ። ሃምሳ ስምንት ተማሪ እያየኝ ነበር። አሰብኩና «አባውት ዛት» አልኩ። አማርኛውን ስገጥመው ልክክ አለ። በማግሥቱ ደንብ አደረግኩት። ይኸው ነው ታሪኩ።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

ለባለቤቴ ለለገሰ ነገርኩት። ለገሰ ጡረታ የወጣ የግብርና ባለሙያ ነው፤ እንግሊዝኛ ብዙም አያውቅም፣ በዚህ ከተማ ንጹሕ ሆኖ የቀረ ሰው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ጓሮ፣ እኛ ቦይና የምንለውን ጎደሬ ሲቆፍር ነበር። መቆፈሪያውን ተደግፎ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ።

«ስለዚህ አንዲት ቃል ናት» አለ።

«አንዲት ቃል ናት።»

«እኔ ደግሞ አንድ ዓመት ለገበሬ የዝንጅብል ዘር አከፋፈልኩ፤ ታስታውሻለሽ። ጥሩ ዘር መስሎኝ። በሽታ ነበረበት። ሲጠወልግ ዝናቡ ነው አልኩ። ቀጥሎ መሬቱ ነው አልኩ። ዘሩ ነው፣ ያመጣሁትም እኔ ነኝ ለማለት ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። በሁለቱ ዓመት በሽታው ለጎረቤት ማሳ ሁሉ ተዳረሰ።»

«ስትነግራቸው ምን አሉ?»

«ሰደቡኝ። ከዚያ ነቀሉት።»

ወደ ቁፋሮው ተመለሰ። ትንሽ ቆይቶ፣ ቀና ሳይል፣ «ሰኞ ቢሮ ይከፈታል» አለኝ።

ሐምሌ 14፣ ሰኞ

ሄድኩ። ቤት እንደገባሁ ነው የምጽፈው፤ አንዱንም መርሳት አልፈልግም።

ኮሚቴው የተቀመጠው በባንኩ ቅርንጫፍ ፎቅ ላይ ነው። አቶ ሚልክያስ መሃል፣ ሁለት አባላት ግራና ቀኝ፣ ጥግ ላይ ሶፍያ የምትባል ጸሐፊ ከላፕቶፕ ጋር፣ በሩ ላይ አንድ ዩኒፎርም የለበሰ ጥበቃ።

«ስለ ማን ሊመሰክሩ ነው የመጡት?» አሉኝ አቶ ሚልክያስ።

«ስለ ራሴ። ልጆቹ አልተቀባበሉም። ዓረፍተ ነገሩን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ።»

ሦስቱም ብዕር አነሱ።

«መልሱን ያወጡት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ። አስተምሬያቸዋለሁ።»

«መቼ?»

«ከሃያ ሦስት ዓመት በፊት ጀምሮ።»

ብዕራቸውን አስቀመጡ። ስለ ኖቱ፣ ስለ ደብዳቤው ናሙና፣ ስለ ፎቶ ኮፒው ሁሉ ነገርኳቸው። በእጄ የጻፍኩትን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። አቶ ሚልክያስ ወረቀቱን በጣታቸው ጫፍ ይዘው ወደ ብርሃኑ አደረጉት።

«ይህ ትናንትም ሊጻፍ ይችላል።»

«ቢጫ ሆኗል እኮ!»

«ሻይ ቢፈስበትም ቢጫ ይሆናል። ወይዘሮ ዓመለወርቅ፣ ተማሪዎችዎን ይወዳሉ፤ ጥፋታቸውን ሊሸከሙላቸው መጡ። እናከብርዎታለን። የእንግሊዝኛ መምህር እንዲህ ያለ ስህተት ሃያ ሦስት ዓመት ታስተምራለች ቢሉኝ ግን አላምንም። ለማንኛውም ውሳኔያችን አልቋል፤ ዛሬ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ይላካል።» ሁሉም ነገር ማለቁን እንዳምን የተፈረመበትን ማጠቃለያ አንስተው፣ በእንግሊዝኛ ስለነበር፣ ቃል በቃል ረገጥ እያደረጉ አነበቡልኝ፦ The committee is sure of that the candidates copied from each other.

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን እኔ አላደረግሁትም፤ እጄ ነው ያደረገው። ቦርሳዬ ውስጥ ቀይ እስክሪብቶ አይጠፋም። ጎንበስ ብዬ ከበብኩት።

«ምን እያደረጉ ነው? የመሥሪያ ቤት ሰነድ ነው!»

«ኦፍ እና ዛት አንድ ላይ አይሄዱም» አልኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፄን አውጥቼ አልኩት።

አቶ ሚልክያስ ወረቀቱን ጠጋ አድርገው አነበቡት። ለግራው ሰጡት። ግራው አነበበና ለቀኙ ሰጠው። ቀኙ አነበበና ጣሪያውን አየ።

«የታይፕ ስህተት ነው» አሉ አቶ ሚልክያስ። እኔም ሰኔ ላይ እንደዚያ ብዬ ነበር።

ሶፍያ ከጥግ ብድግ አለች። ልጅቷን አላውቃትም፣ አስተምሬያትም አላውቅ። «ይቅርታ ጌታዬ፣ ስህተት አይደለም። እርስዎ የሰጡኝ ላይ ‹ኦፍ› አልነበረም፤ እኔ ነኝ ያስተካከልኩት። ቦዲቲ ስማር ዓመለ ኖት ላይ ደንብ ቁጥር ሰባት ነው።» እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ልክ ክፍል ውስጥ እንዳለች ጀመረች፦ «ከአባውት ቀጥሎ...»

«ዛት!» አለ ጥበቃው ከበሩ።

ሁላችንም ዞርን። ሰውየው ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ፊቱ ቲማቲም መስሏል።

«ይቅርታ» አለ። «አመለጠኝ። ሻንቶ ነው የተማርኩት።»

ታች መንገድ ላይ ባጃጅ ጥሩንባ ይነፋል።

«በዓመት ስንት ተማሪ ያስተምራሉ?» አሉኝ አቶ ሚልክያስ።

«ሦስት መቶ ያህል።»

ስልካቸውን አውጥተው አባዙት። «ስድስት ሺህ ዘጠኝ መቶ።»

«ኖቱን ብቻ ያነበቡት ሳይቆጠሩ» አልኩ። አሁን ምንም መደበቅ አልፈለግሁም።

«ታዲያ ስንቱን ነው የምንከሰው?» አለ የቀኙ አባል።

አቶ ሚልክያስ ማጠቃለያውን እንደገና አነበቡ። «ሁለት ጊዜ አንብቤ ነው የፈረምኩት» አሉ ቀስ ብለው፤ ለማን እንዳሉት አላውቅም። ከዚያ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «እንዴት ነበር መባል ያለበት?»

ኦፍን ሰረዝኳት። አንዲት ቀጭን መስመር።

ሐምሌ 22፣ ማክሰኞ

ውጤቱ ተለጠፈ። ሃያ ሰባቱም ከክሱ ነጻ ናቸው። ኢሳይያስም ነጻ ነው፤ በሩም ነጻ ነው።

ነገር ግን ስህተት ስህተት ስለሆነ ለእያንዳንዱ ዛት አንድ ነጥብ ተቀነሰ። ዐሥራ ስምንቱ አለፉ። ዘጠኙ ከማለፊያው በታች ወረዱ፤ ነሐሴ መጨረሻ ላይ እንግሊዝኛውን ብቻ ድጋሚ ይፈተናሉ። ፀደንያ ግማሽ ነጥብ ጎደላት።

አሳየሽ አጥሩ ላይ ቆማ ነበር። ይቅርታ ልጠይቃት ጠጋ አልኩ።

«ማን ስህተት ነው በይ አለሽ?» አለችኝ። «አልተቀባበሉም ማለት በቂ አልነበረም? ‹እኛ አገር እንዲህ ነው የሚጻፈው› ብትይ ምን ነበረበት? እነሱ የራሳቸው አላቸው፤ እኛም የራሳችን ቢኖረን ማን ይሞታል?»

እስካሁን እያሰብኩበት ነው።

ፀደንያ ከቤት አልወጣችም።

ሐምሌ 28

ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ቀርቤ ስህተቴን በጽሑፍ አስገባሁ። አነበቡት። የት እንደሚፋይሉት ግራ ገባቸው፤ ለእንዲህ ያለ ነገር ፎልደር የለም። በመጨረሻ «ምርጥ ተሞክሮ» የሚለው ውስጥ አስገቡት። አሁን ከሌሎች ትምህርት ቤቶች ለመጡ መምህራን ተሞክሮዬን እንዳቀርብ ደብዳቤ ደርሶኛል። ምሳ አለ ይላል።

ፎቶ ኮፒ ቤት ሰልፍ አየሁ። ወይንሸት «አሮጌው ሊታገድ ነው ተብሎ ሰው እየተሻማበት ነው» አለችኝ። እግሯ ላይ ወድቄ ለመንኳት ማለት ይቻላል። በመጨረሻ ዋናውን ቅጂ አወጣችና ሰጠችኝ። «ለአንተ ብዬ ነው» አለችኝ።

ነሐሴ 5፣ ሰኞ

ለዘጠኙ ልጆች ትምህርት ቤት ውስጥ እስከ ፈተናው አስጠናለሁ ብዬ በየቤቱ ላክሁ። ዛሬ ማንም አልመጣም። እኔና ዘጠኝ ባዶ ወንበር።

ወንበሮቹን ለምን እንደደረደርኳቸው አላውቅም።

ነሐሴ 7

ትህትና ጋ ሄድኩ። ቤቷ በር ላይ ቆሜ፣ ልግባም ሳልል፣ «ልክ ነበርሽ» አልኳት።

«ቲቸር፣ ይግቡ እንጂ፣ ዝናብ ነው።»

«መጀመሪያ ልጨርስ። ሰኔ አራት ቀን ልክ ነበርሽ። እኔ ደግሞ በአማርኛ ዘጋሁሽ። አሁን ልጆቹ ከእኔ መማር አይፈልጉም። አንቺ አስተምሪልኝ።»

ካፖርቴን ተቀብላ ወንበር ሰጠችኝ። አንዳች የድል ነገር ፊቷ ላይ ፈለግሁ፤ የለም። ያን ጊዜ ነው ልጅቷን እንዳላወቅኋት የገባኝ።

ነሐሴ 12፣ ሰኞ

ስምንቱ መጡ። ትህትና ታስተምራለች፤ እኔ ኋላ ዴስክ ላይ ነኝ። ዜማ የለም፤ በጸጥታ ነው የምታስተምረው። «ስለ»ን የት እናድርገው የሚል ጥያቄ አንዱ ልጅ አነሳ። ትህትና ወደ እኔ አየች። እኔም ብድግ ብዬ፣ «አላውቅም ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን እንግሊዝኛው ‹ስለ›ን ደስታው ውስጥ ደብቆታል» አልኩ። ትህትና ሳቀች። «እንደዚያ ብለን እንያዘው» አለች።

ፀደንያ አልመጣችም። ትህትና ማታ ማታ ቤቷ እየሄደች መጽሐፍ እንደምታደርስላት ከሌሎቹ ሰማሁ። ለእኔ አልነገረችኝም፤ ደግ አደረገች።

ነሐሴ 26

ተፈተኑ። ከባንኩ ግቢ ውጭ፣ ማዶ፣ ዛፍ ሥር ቆሜ ጠበቅሁ። ፀደንያ ስትወጣ አየችኝ። በሌላው በር ሄደች።

ጳጉሜ 2፣ እሁድ

ዘጠኙም አለፉ። ትናንት ነው የተለጠፈው። ፀደንያ ከዘጠኙ አንደኛ ናት፤ ሻንቶ ቅርንጫፍ ተመደበች።

ከሰዓት በረንዳ ላይ ሽንኩርት እየላጥኩ ሳለሁ የውጭው በር ተንኳኳ። ፀደንያ ናት። ደብተር ይዛለች። እንኳን ደስ አለሽ ልላት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«አንድ ነገር ጽፌያለሁ። ይታረምልኝ።»

ልክ እንደ ዘጠነኛ ክፍሉ፣ ደብተሩን ገልጣ በሁለት እጇ ይዛ ፊቴ ቆመች። እጄን በቀሚሴ ጠረግሁ። ገጹ ላይ አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው፦

I am angry that I believed you

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የመጀመሪያውን እንደ መምህር፣ ሁለተኛውን እንደ ራሴ። አባውት የለም፤ ፎር የለም፤ ኦፍ የለም። ቦርሳዬን ከውስጥ አመጣሁና ቀዩን እስክሪብቶ አወጣሁ። ጎኑ ላይ የትክክል ምልክት አደረግሁ። ዓይኔን የሽንኩርቱ ነገር አስቸግሮኝ ስለነበር ምልክቱ ጠመም አለ።

«ትክክል ነው?» አለች።

«ትክክል ነው። መጨረሻው ላይ ግን ፉል ስቶፕ ቀርቷል።»

«አልረሳሁትም» አለች። ደረጃው ላይ፣ ከእኔ አንድ ክንድ ራቅ ብላ ተቀመጠች፤ ደብተሩን ጉልበቷ ላይ አደረገችው። «ገና አልጨረስኩም።»

እስክሪብቶዬን ሰጠኋት።